ፓምፕ ሆኜ የዋልኩበት ቀን

ስድሳ ዓመት አልፎት «እጄ አይንቀጠቀጥም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ይዋሻል፣ ወይ እጁ ላይ ተቀምጦበታል። ሦስተኛ የለም። ሁለቱንም ስለሞከርኳቸው ነው በልበ ሙሉነት የምነግራችሁ። መዋሸቱ ቀላል ነው። እጅ ላይ መቀመጡ ግን ሻይ ሲመጣ ያስቸግራል…

«ይህ ሽማግሌ ዛሬ ደግሞ ስለ ሕመሙ ሊያወራልን ነው» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ነው አይደል? ቆዩ እንጂ! የማወራችሁ ስለ ሳይንስ ነው። ሳይንሱ በእኔ እጅ በኩል ማለፉ የኔ ጥፋት አይደለም።

ያረጀሁት ፖስታ ቤት ነው። ሥራዬ ማህተም መምታት ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ… ጧ! ደብዳቤ ሲሄድ… ጧ! ጡረታ የወጣሁ ቀን ማህተሙን አስረከብኩ፤ መምታቱን ግን የሚረከበኝ ሰው አልተገኘም። ይኸው ከዚያ ወዲህ ያለ ማህተም ይመታል። ባለቤቴ ዘነበች ሻይ ስታቀርብልኝ ማንኪያ ማምጣት ትታለች። «ብርጭቆውን ብቻ ያዘው፣ ስኳሩ በራሱ ጊዜ ይሟሟል» ትለኛለች። ዕድሜ ልክ አብራችሁ የኖረች ሚስት የምታዝንላችሁ እንዲህ ነው።

ሻዩንስ ተውት። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ቢላዋው ነበር።

እዚህ ሶዶ፣ እኛ ሰፈር፣ ለጊፋታ ማለትም ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በቅርጫ በሬ እናርዳለን። ከቦዲቲ ገበያ ዐይን የሚሞላ ሰንጋ እንነዳና አርደን ሥጋውን በኮባ ቅጠል ላይ መደብ መደብ አድርገን እናስቀምጠዋለን። ከዚያ ዕጣ ይጣላል፤ ሁሉም የደረሰውን መደብ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። መደቡን የሚደለድለው ታዲያ ማንም እየተነሣ አይደለም። ብልት የሚያውቅ፣ ዐይኑ የማያዳላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እጁ የጸና ሽማግሌ ነው። ከሻኛው ለዚህኛው መደብ ጣት የምታህል ከጨመረ፣ ለዚያኛው ጣት የምታህል ካጎደለ፣ ያቺ ጣት የምታህል ሥጋ እስከሚመጣው ጊፋታ ትወራለች። ሰው የተጣላውን ይቅር ይላል፣ የቀበረውን ይረሳል፤ የጎደለበትን ሻኛ ግን… እናንተው ታውቁታላችሁ።

ይህ ቢላዋ የኔ ነበር። ቢላዋ የያዘ ሽማግሌ ሲናገር ሰው ያዳምጣል፤ ሲያስል እንኳ «ምን ሊል ይሆን?» ብሎ ይጠብቃል። ቢላዋው የተነጠቀ ሽማግሌ ግን አበቃለት። መጀመሪያ ቢላዋውን፣ ቀጥሎ የፊት ወንበሩን፣ ከዚያ የመናገር ተራውን ይወስዱበታል። በመጨረሻ «እርስዎ እዚያ ጥላው ጋ አረፍ ይበሉ» ተብሎ ከዶሮዎቹ ጋር ይቀመጣል። አክብሮት የሚመስል መቀበር ማለት ይህ ነው። እኔ ከዶሮዎች ጋር ጠብ የለኝም፤ ግን ገና ነኝ!

ቢላዋውን የሚመኝ ሰው እንዳለም አውቅ ነበር። ጎረቤቴ ዳልኬ ነው። ዳልኬ በዕድሜ እኩያዬ፣ በውፍረት እጥፌ ነው። አብረን ያደግን፣ አብረን የተገረፍን፣ ባንድ ሰሞን ሚስት ያገባን ሰዎች ስለሆንን እንደማንኛውም የልብ ወዳጅ አንዳችን የሌላችንን ውድቀት በጉጉት እንጠብቃለን።

ነገሩ የፈነዳው ነሐሴ ላይ፣ በቅርጫ ማኅበራችን ስብሰባ ነው። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር፤ ታስታውሱታላችሁ። ቀበሌው ይገማገማል፣ መሥሪያ ቤቱ ይገማገማል፣ እኛ ደግሞ አንድ ለአምስት ተደራጅተን የጎረቤታችንን የመጸዳጃ ጉድጓድ ጥልቀት እንገመግማለን። የማኅበራችን ሰብሳቢ ማርቆስ የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለሆነ ስብሰባ ያለ ግምገማ መዝጋት አያውቅበትም። «ባለፈው ጊፋታ በነበረን አፈጻጸም ላይ ጠንካራና ደካማ ጎናችን ምንድን ነው?» ብሎ ከፈተው። ጠንካራ ጎናችን ሥጋው መጣፈጡ ነበር። ደካማ ጎን ሲባል ዳልኬ ተነሣ።

አምና በድልድሉ ጊዜ ቢላዋው ሥጋውን ከመቁረጡ በፊት ደጋግሞ ሰላምታ ሲሰጠው ማየቱን፣ ይህም የመልካም አስተዳደር ችግር መሆኑን፣ እሱ በግሉ ግለሰቡን እጅግ እንደሚያከብር፣ ግለሰቡ ግን ለተተኪው ትውልድ ቦታ መልቀቅ እንዳለበት በትሕትና አስረዳ። ተተኪው ትውልድ እሱ ነው እንግዲህ! የወተት ጥርሳችን የወለቀው ባንድ ክረምት ነው።

ማርቆስ ግለሂስ እንዳደርግ ዕድል ሰጠኝ። ተነሣሁና «የኔ እጅ ምንም አልሆነም፤ ይኸው!» ብዬ ዘረጋሁት።

ስሕተቴ መዘርጋቴ ነው። የማኅበሩ አባላት በሙሉ የጠረጴዛ ቴኒስ የሚያዩ ይመስል ዐይናቸውን ከእጄ ጋር ግራና ቀኝ ማመላለስ ጀመሩ። ማርቆስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የደልዳዩ ጉዳይ እስከ በዓሉ ዋዜማ በጥናት እንዲታይ አቅጣጫ አስቀመጠና ስብሰባውን ዘጋ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

አካሄዴ እንዲህ ነው። አስቴር የምትባል የታናሽ ወንድሜ ልጅ አለችን። አረካ ተወልዳ ያደገች፣ እዚሁ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ጎን ለጎን ለሁለተኛ ዲግሪዋ ምርምር የምትሠራ ልጅ ናት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳዋ እኛ ቤት ነው። ያን ሰሞን ዘነበች «ሥራሽ እንዴት ነው ልጄ?» ስትላት ስለ ምርምሯ ማውራት ጀመረች። እኔ ሐሳቤ ሁሉ ቢላዋው ላይ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁም። የሰማሁት ግን በቂዬ ነበር። አንድ ቴምብር የማይበልጥ መሣሪያ ሠርታለች፤ በመሣሪያዋ ውስጥ እየዘለለ፣ እየደነገጠ የሚመጣ ፈሳሽ በዚያኛው በኩል ጸጥ ብሎ ይወጣል፤ ማክሰኞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ፈታኝ ምሁር አይቶ ሊያሳልፈው ወይ ሊጥለው ነው።

እኔ በልቤ «የውሃን ድንጋጤ የሚያበርድ ነገር የኔን እንዴት ያቅተዋል? ከውሃ አንሼ ነው?» አልኩ። ምሳውን በልቼ ስነሣ ውሳኔዬ አልቆ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ለዘነበች የድሮ ባልደረቦቼን ልጠይቅ ነው ብዬ፣ የክት ሸሚዜን ለብሼ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ ዩኒቨርሲቲው በር ደረስኩ። አስቴር ነጭ ጋዋን ለብሳ ቤተ ሙከራው በር ላይ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ! ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

እኛ አገር ዘመድ መሥሪያ ቤት ድረስ የሚመጣበት ሌላ ምክንያት የለም። «ገና ነው» አልኳትና አልፌያት ገባሁ።

መሣሪያውን አሳየችኝ። በእውነትም ቴምብር ያህላል፤ እንደ ጎማ የሚለመጥ፣ እንደ መስተዋት የሚያሳይ ነገር ነው። በውስጡ ፀጉር የሚያካክሉ ቦዮች ተቦርቡረውበታል። አንድ ቀን፣ አለችኝ፣ ላቦራቶሪ በሌለበት እንደ ዲምቱ ባለ ቦታ ያለ ጤና ጣቢያ፣ ከሕመምተኛው አንዲት ጠብታ ደም ብቻ ወስዶ እዚህ ውስጥ ይመረምራታል። ችግሩ ፓምፑ ነው። ፓምፑ ፈሳሹን የሚገፋው እንደ ልብ ምት፣ ግፍት… እረፍት… ግፍት… እያለ ነው። ቦዩ ፀጉር ከሆነ ደግሞ ትንሿ ግፍት ጎርፍ ናት፤ ጎን ለጎን በሰላም መሄድ ያለባቸው ፈሳሾች ይደበላለቁና ምርመራው ውሸት ይናገራል። የሶዶን ቧንቧ ውሃ ከብዙ ቀን በኋላ ሲመጣ አይታችሁታል? ያስላል፣ ይተፋል፣ ይቆጣል፣ ባልዲው ውስጥ ሳይሆን እናንተ ላይ ያርፋል። ያንን በፀጉር ውስጥ አስቡት።

የአስቴር ዘዴ ታዲያ በቦዩ መሀል ላይ አንዲት ጣሪያዋ ስስ የሆነች ትንሽ ከረጢት ማስቀመጥ ነው። ግፍቱ ሲመጣ ከረጢቷ እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ትነፋና ትቀበለዋለች፤ ግፍቱ ሲያርፍ ደግሞ ትሸበሸብና የተቀበለችውን ትመልሳለች። በወዲያኛው በኩል የሚወጣው ፈሳሽ ማን እንደገፋው እንኳ አያውቅም።

«ግሩም ነው» አልኳትና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። «እሺ፣ የት ላስገባው?»

«ምኑን?»

«እጄን ነዋ!»

አስቴር መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ስትስቅ ቁርጥ አያቷን ነው የምትመስለው፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻ ብቻ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለፈሳሽ ነው።»

«ሰው አብዛኛው ውሃ ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ» አለች ዐይኗን እየጠረገች። «በእርስዎ ላይ ግን ውሃው አላስቸገረኝም፤ የሚያስቸግረኝ የቀረው ነው።»

እንዲህ ስንባባል መብራት ሄደ። ለምን ሄደ አትበሉኝ፤ ሲመጣስ ለምን መጣህ ብለነው እናውቃለን? ፓምፑ እንደ ታመመ ድመት አንዴ አጉረምርሞ ዝም አለ። ጀነሬተር አለ፤ የጀነሬተሩን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ግን ቦዲቲ ለቅሶ ሄዷል። አስቴር ወዲያ ወዲህ ስትል በሩ ተንኳኳ፤ እንግዳው ምሁር ገባ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለስ ገና ሳይቀመጥ ተናገረ።

አጉሊ መነጽሩና ኮምፒውተሩ በባትሪ ይሠራሉ። የጎደለው ገፊ ብቻ ነው። አስቴር ፈሳሹን በመርፌ መውጊያ ስሪንጅ ሞልታ በራሷ እጅ መግፋት ጀመረች። በስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለው ውሃ በአንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን እንደ ሙሽራና ሚዜ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ምንም እንከን የለው!

እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። «ይህማ ትርታ የለውም። ሌባ በሌለበት ሌባ ይዣለሁ ማለት አይቻልም።»

አስቴር ሆን ብላ እጇን ለማንቀጥቀጥ ሞከረች። አልሆነም። የተማረ መንቀጥቀጥ እኮ አያሳምንም፤ እኔ ባለሙያው በሩቁ ነው ያወቅኩት። ምርር ብሏት ስሪንጁን አስቀመጠች፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሀል ነው እንግዲህ «ቴክ… ቴክ-ቴክ… ቴክ…» የሚል ድምፅ የተሰማው። የጋብቻ ቀለበቴ የብረቱን ጠረጴዛ እየመታ ነበር።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ዶሮ ባለቤቶቿ ለበዓል ሲመካከሩ የምታያቸው እንዴት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጋሼ…» አለች አስቴር።

ይህን «ጋሼ» አውቀዋለሁ። ልጅ ሆና ጫማ ሲያምራት የምትጠራኝ በዚህ ድምፅ ነበር፤ አንድም ቀን እምቢ ብያት አላውቅም። ግን አስቡት እስቲ! እኔ እዚያ የሄድኩት መንቀጥቀጤን ላስጠፋ ነው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ ደግሞ መላው ሰፈር ፊት የካድኩትን ነገር በአጉሊ መነጽር አጉልቼ፣ በስክሪን ላይ ሰቅዬ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ላሳይ ነው። ይህ ወሬ ዳልኬ ጆሮ ከደረሰ ቢላዋው ሄደ ማለት ነው። ካልተቀመጥኩ ደግሞ የልጅቷ ልፋት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ወደ ሰውዬው አየሁ፤ ሰዓቱን ያያል። ወደ እሷ አየሁ፤ በልጅነት ዐይኗ ታየኛለች።

«አምጪው» አልኳት።

መጀመሪያ ከረጢቷ በሌለችበት ቦይ ነው የገፋሁት። ወይ ጉድ! ቀዩና ሰማያዊው ወደ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ክረምት ላይ እንደሚሄድ አይሱዙ ተሳፋሪ እየዘለሉ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ይገፈታተራሉ። አስቴር ከንፈሯን ነክሳ ታያለች። እንግዳው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣ ወንበሩን ስቦ፣ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ።

«እንዲህ ዓይነት ትርታ በማሽንም አላየሁም» አለ። «አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም እኮ።»

«ያለ ማሽን ነው» አልኩት።

«እስከ መቼ እንዲህ መቀጠል ይችላሉ?»

«ጌታ እስከፈቀደ ድረስ።»

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አይደል የሚባለው? ምስጋናው ሲበዛብኝ እኔ ራሴ ትንሽ ጨመርኩበት። አስቴር በጆሮዬ «ጋሼ፣ ያለዎት ይበቃል» ባትለኝ ኖሮ ቦዩን እገነጥለው ነበር።

ከዚያ ቱቦውን ከረጢቷ ወዳለችበት ቦይ አዞረችውና እንደገና ገፋሁ። ዐይኔን ተጠራጠርኩ። ከረጢቷ ንፍት ጥብብ፣ ንፍት ጥብብ ትላለች፤ ከእሷ ወዲያ ግን ቀዩና ሰማያዊው እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እጄን አየሁት፤ ያው ነው፣ የሌለ ደብዳቤ ላይ ማህተም ይመታል። መስመሩን አየሁት፤ ሐጩ ሐይቅ የረጋበት ጠዋት ይመስላል። የኔ መንቀጥቀጥ የት ገባ? የትም አልገባም። አንዲት ለስላሳ ነገር መሀል ገብታ ተቀበለችው እንጂ። አትቆጣው፣ አትገመግመው፣ ግለሂስ አድርግ አትለው… ተቀብላ ትመልሰዋለች። ዘነበች ትዝ አለችኝ። ስቆጣ የምትነፋው፣ ሳዝን የምታካፍለኝ እሷ አይደለችም? ለጎረቤት ጸጥ ያለ ሰው የምመስለው እኮ የሚያየኝ ከእሷ ወዲያ ሆኖ ነው።

እንግዳው የአስቴርን እጅ ጨበጠ። ሥራው እንዳረካው፣ እንደሚያሳልፈው ነገራት። የኔንም እጅ ጨበጠና ትንሽ አቆየው፤ ለመሰናበት ይሁን ለምርምር አልለየሁም።

ደስ ብሎኝ በእግሬ ነው የተመለስኩት። መሳፈር ነበረብኝ። አስቴር በደስታ ለአባቷ ደወለች፤ አባቷ ለዘነበች ደወለ፤ ዘነበች ደግሞ «ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው አጠኑት» እያለች በኩራት ለሰፈሩ አዳረሰች። ቤቴ ስደርስ ዳልኬ ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። «በሳይንስ ተረጋገጠ አሉ።»

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ። እኔ ገመዱን የበጠስኩት ዩኒቨርሲቲ ድረስ የባጃጅ ከፍዬ ሄጄ ነው!

በበዓሉ ዋዜማ ስብሰባው ተጠራ። ማርቆስ ባስቀመጠው አቅጣጫ መሠረት ጥናቱ በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ደረጃ መካሄዱን አድንቆ፣ ግለሰቡም ለጥናቱ ስኬት ላደረገው አስተዋጽኦ ምስጋና አቅርቦ፣ ቢላዋው ለዳልኬ እንዲተላለፍ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። ሴቶቹ አዘኑልኝ። እዩልኝ፣ እኔ መታዘን ነው የምፈራው። አንዷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ጥላው ጠጋ ያለ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ስታመቻችልኝ አየኋት። ዶሮዎቹም ከዚያው አልራቁም።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። እጄን አልደበቅኩትም፤ አልዘረጋሁትምም፤ እንደ ልቡ ተውኩት። እጄ እንደሚንቀጠቀጥ አምኜ፣ ሳይንሱ ግን ሙሉ ለሙሉ አልተነገራችሁም አልኳቸው። ሳይንሱ የሚንቀጠቀጠውን ጣሉት አላለም። በሚንቀጠቀጠውና በሚፈለገው ነገር መሀል ለስላሳ ነገር አስገቡ ነው ያለው። የኔ ዐይን ብልት ያውቃል፤ የጎደለው ለስላሳ ነገር ነው። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱና ከዚህ ጉባኤ ውስጥ ከዳልኬ የበለጠ ለስላሳ ሰው አሳዩኝ! እኔ ቢላዋውን ልያዝ፣ ዳልኬ የእጄን አንጓ ይያዝ።

ሳቁ እስኪበርድ ማርቆስ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንኳኳ ቆየ። ዳልኬ የዚህ ሁሉ ነገር አስፈላጊነት እንደማይታየው፣ አንድ ሰው ከበቂ በላይ መሆኑን ለማስረዳት ሞከረ። የሚሰማው አልነበረም። ማርቆስ «የጋራ አመራር!» ብሎ ዐይኑ በርቷል፤ ማርቆስ ስም የተገኘለትን ነገር መቃወም አይችልም።

በጊፋታው ጠዋት ሰንጋው ታረደ፣ ተገፈፈ፣ የኮባው ቅጠል ተነጠፈ። ሌላ ጊዜ ሰው የሚከበው ሥጋውን ሊያይ ነው፤ ዘንድሮ እኛን ሊያይ ከበበን። ቢላዋውን ያዝኩ። ዳልኬ ከኋላዬ መጥቶ፣ ሆዱን ወገቤ ላይ አሳርፎ፣ አንጓዬን በሰፊ መዳፉ ጨበጠ። ሻኛው ላይ አነጣጠርን።

ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ።

የራሴን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው የምናድረው። ይህ ግን የኔ አልነበረም። የኔ ወደ ግራ ሲል ሌላው ወደ ቀኝ ይላል። የኔ ሲመታ ያኛው ያርፋል፤ የኔ ሲያርፍ ያኛው ይመታል። ቀስ ብዬ ዞሬ ዳልኬን አየሁት። ዳልኬ የዳሞታን ተራራ ያያል፤ ተራራው ዛሬ ጠዋት የተሠራ ይመስል።

«አንተ…» አልኩት በሹክሹክታ።

«ቁረጥ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቁረጥ ብዬሃለሁ፣ ሰው ያየናል።»

«ታዲያ ቢላዋውን ምን ልትሆንበት ነበር?»

ትንፋሹ አንገቴን ሲሞቀው ተሰማኝ። «ካንተ ቀጥሎ ዕድሜው የደረሰው ማን ነው? የማንን እጅ ሊያዩ ነበር? ባለቢላዋውን ማንም አይገመግምም ብዬ ነዋ።»

«እኔስ ባለቢላዋ አልነበርኩም?»

«አንተማ ዘረጋህላቸው!»

እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። እኛም በአንድ ቢላዋ ላይ ተያየን። ላሳጣው እችል ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ግን ያቺ ጥላ ሥር ያለች ወንበር ትዝ አለችኝ፤ አንድ ናት፣ ለሁለት ሰው አትበቃም። ዝም ብዬ ቆረጥኩ።

ታዲያ ቢላዋው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀጥ ብሎ ሄደ! በልጅነቴም እንዲያ ቆርጬ አላውቅም። ለአስቴር በኋላ ስነግራት አልገረማትም። ሁለት ፓምፖች አንዱ ሲገፋ ሌላው እንዲያርፍ ተደርገው ከተጠመዱ ትርታቸውን እርስ በርስ እንደሚያጠፋፉት፣ እሷም ዘዴውን እንደምታውቀው ነገረችኝ። በሁለት ሽማግሌዎች ግን ሞክራው አታውቅም።

ሻኛው ተደለደለ፣ ጎድኑ ተደለደለ፣ ታናሽና ታላቁ ተደለደለ። መደቦቹ እንደ መንትያ ተመሳሰሉ። ማርቆስ ዙሪያውን እየዞረ አየ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደካማ ጎን ቢፈልግ አጣና የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው መሰለ። የጋራ አመራሩ ለሚመጣውም ጊፋታ እንዲቀጥል እዚያው በጭብጨባ ጸደቀ።

እዚህ ላይ ብናቆም ምን ነበረበት? ግን ሥርዓት አለ። ከዕጣው በፊት ደልዳዩ የመጀመሪያዋን ጥሬ ሥጋ በዳጣ ይቀምሳል። ዳጣ ማለት ሚጥሚጣው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተማክሮ የሚሠራው ግፍ ነው። ዘንድሮ ደልዳዩ ሁለት ሆነ። ከሕዝቡ መሀል አንዱ «ይጎራረሱ» አለ፤ ሁሉም ተቀበለው። እኔና ዳልኬ ተያየን። ቢላዋው ላይ ሁለት ነበርን። በጉርሻው ግን እሱም ለብቻው ነው፣ እኔም ለብቻዬ፤ መሀል ላይ ምንም የለም።

እምቢ ማለት አይቻልም። ሥጋውን ዳጣው ውስጥ ነክሬ ወደ ዳልኬ አፍ ላክሁ፤ ዐይኑ ውስጥ ደረሰ። ዳልኬ የእሱን ወደ እኔ አፍ ላከ፤ አፍንጫዬ ውስጥ ደረሰ።

የዳልኬ እንባ በጉንጩ ላይ ዱብ ዱብ አለ። ዘነበች የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዐይኗ ወሰደች። «አይ ወዳጅነት! ለካ ይህን ያህል ይዋደዱ ነበር…» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ማርቆስ ድምፁ እየተሰበረ፣ ይህ የዕርቅ ባህላችን ተቀምሮ ለሌሎች ቀበሌዎች በተሞክሮነት እንዲሰፋ ሐሳብ አቀረበ። እኔም ዳልኬን አቅፌ፣ ሕዝቡ ሁሉ እያየኝ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ካፍንጫ ካለቀሱማ ባልዲም አይበቃው።